ልጅነት ስንት ያወጣል?

«በሕግ አምላክ!» ሲባል የሮጠ ይቆማል፣ ዱላ ያነሳም ዱላውን ያወርዳል እየተባልን ነው ያደግነው፡፡ ዳኛ ፊት ሀብታምና ድሀ፣ ጌታና ሎሌ የለም ተብለናል፡፡ አብሮን ያደገ ሌላ አባባልም አለ፤ «ያለው ማማሩ»፡፡ ሁለቱ አባባሎች ችሎት ውስጥ ቢገናኙ የትኛው ያሸንፋል? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ነው፡፡

ነገሩ የተጀመረው በእኛ በራሳችን ክርክር ነው፡፡ አንድ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ ሆን ብሎ ሰው ቢገድል ዕድሜው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይገባል ወይ? ግማሾቻችን «አዎ፣ ልጅ ነገ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» አልን፡፡ ግማሾቻችን ደግሞ «ሟቹስ ልጅ ቢሆን? ለእሱ ማን ነገ ይሰጠዋል?» አልን፡፡ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፡፡ ክርክሩ ሳይቋጭ አንዳችን ከመቶ ዓመት በፊት ቺካጎ ላይ የተሰጠ አንድ ፍርድ አነሳ፡፡ ያንን ታሪክ ከተከታተልን በኋላ ጥያቄያችን ራሱ ተለወጠ፡፡ እናንተም እስኪ አብራችሁን ተከተሉት፡፡ (የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የሁለት ባለጸጎች ልጆች

ሜይ 21 ቀን 1924፣ ከሰዓት በኋላ ነው፡፡ የ14 ዓመቱ ቦቢ ፍራንክስ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ በእግሩ እየሄደ ነበር፡፡ ሰፈሩ ኬንውድ ይባላል፤ የቺካጎ ባለጸጎች መኖሪያ ነው፡፡ አንዲት የኪራይ መኪና አጠገቡ ቆመች፡፡ ከውስጥ የጠራው የሥጋ ዘመዱና ጎረቤቱ የ18 ዓመቱ ሪቻርድ ሎብ ነበር፡፡ አብሮት የ19 ዓመቱ ናታን ሊዮፖልድ አለ፡፡ ቦቢ የሚያውቀው ሰው ነውና ገባ፡፡ በሕይወት አልወረደም፡፡

ጭንቅላቱን በመሮ መትተው ገደሉት፡፡ አስከሬኑን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የውሃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ሸሸጉት፡፡ ከዚያም ልጁ በሕይወት ያለ አስመስለው አባቱ 10,000 ዶላር ማስለቀቂያ እንዲከፍል ደብዳቤ ጻፉ፡፡ ገንዘቡ ቸግሯቸው እንዳይመስላችሁ፡፡ የሎብ አባት በታላቁ የሲርስ ሮባክ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፡፡ የሊዮፖልድም ቤተሰብ የናጠጠ ሀብታም ነው፡፡ በትምህርትም ቢሆን ሁለቱም የሚደነቁ ነበሩ፡፡ ሎብ ገና በ17 ዓመቱ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፡፡ ሊዮፖልድ በወፎች ጥናት ስሙ መታወቅ ጀምሯል፤ ሃርቫርድ ገብቶ ሕግ ለመማርም እየተዘጋጀ ነበር፡፡ የገደሉት «እንከን የለሽ ወንጀል» ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው፡፡ ለዚህም ወራት ፈጅተው አቅደዋል፡፡

እንከኑ ግን ወዲያው ተገኘ፡፡ አስከሬኑ አጠገብ አንድ መነጽር ወድቆ ነበር፡፡ እንዲህ ዓይነት ማጠፊያ ያለው መነጽር በቺካጎ የተሸጠው ለሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆን፣ አንዱ ሊዮፖልድ ነበር፡፡ ልጆቹ «በዚያ ቀን በሊዮፖልድ መኪና ስንዝናናና ስንዞር ነበር» አሉ፡፡ የቤቱ ሾፌር ግን «መኪናዋ በዚያ ቀን ከጋራዥ አልወጣችም» አለ፡፡ እሱ ሊረዳቸው ፈልጎ ነበር፤ ቃሉ ግን ውሸታቸውን አፈረሰው፡፡ ግንቦት ሳያልቅ ሁለቱም ሁሉንም አመኑ፡፡

የዳሮው ጥበብ

ከተማው «ይሰቀሉ!» አለ፡፡ ቤተሰቦቹ ደግሞ ክላረንስ ዳሮውን ያዙ፡፡ ዳሮው የ67 ዓመት አዛውንት ሲሆን፣ በሠራተኛ ማኅበራት ጠበቃነቱና የሞት ቅጣትን በመቃወም በመላው አሜሪካ የታወቀ ሰው ነበር፡፡ «ሚሊዮን ዶላር ሊከፈለው ነው» የሚል ወሬ ተናፈሰ፡፡ ቤተሰቦቹ ሕዝቡን ለማብረድ የጠበቆቹን ክፍያ የጠበቆች ማኅበር እንዲወስነው እንደሚያደርጉ በይፋ እስከማስታወቅ ደረሱ፡፡

ሰው ሁሉ «ልጆቹ አብደዋል ብሎ ይከራከራል» ብሎ ሲጠብቅ ዳሮው ሌላ መንገድ መረጠ፡፡ ጁላይ 21 ልጆቹ ጥፋተኝነታቸውን እንዲያምኑ አደረገ፡፡ ይህ ሞኝነት አልነበረም፡፡ ክሱን የካደ ተከሳሽ 12 ሰዎች ባሉበት ጁሪ ፊት ይቀርባል፤ ለ12 ሰዎች ደግሞ ኃላፊነቱን ተካፍለው «ይሙት» ማለት ይቀላቸዋል፡፡ ያመነን ተከሳሽ ግን በኢሊኖይ ሕግ ቅጣቱን የሚወስንለት ዳኛው ብቻውን ነው፡፡ ምርጫው ስቅላት፣ ዕድሜ ልክ ወይም ከ14 ዓመት የማያንስ እስራት ነበር፡፡ ዳሮው ሸክሙን በሙሉ በዳኛ ጆን ካቨርሊ ትከሻ ላይ አሳረፈው ማለት ነው፡፡

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ፡፡ ጥፋቱ የታመነ ነው፤ የቀረው የቅጣት ክርክር ብቻ ነው፡፡ ለዚህ ብቻ ከአንድ ወር በላይ ተሰማ፡፡ ተከላካዮቹ በአገሩ አሉ የተባሉ የአእምሮ ሐኪሞችን አመጡ፡፡ ዐቃቤ ሕጉ ሮበርት ክሮው «ከምሥራቅ የመጡ ጠቢባን» እያለ አላገጠባቸው፡፡ ሐኪሞቹ የልጆቹን አስተዳደግ፣ ሞግዚቶቻቸውን፣ የቀን ቅዠታቸውን፣ የሰውነታቸውን ዕጢዎች ሳይቀር መርምረው አንድ በአንድ አስረዱ፡፡ ከሐኪሞቹ አንዱ ዊልያም ሂሊ ነበር፡፡ ይህ ሰው በ1909 እዚያው ቺካጎ ውስጥ፣ ወጣት ጥፋተኞች ለምን እንደሚያጠፉ የሚያጠና ተቋም ከመሠረቱት ዋነኛው ነው፡፡ ቺካጎ ደግሞ በ1899 የመጀመሪያው የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት የተከፈተባት ከተማ ናት፡፡ ፍርድ ቤቱ የተከፈተው ለነሊዮፖልድ አልነበረም፤ በየመንገዱ ለሚያዙ ለድሀና ለስደተኛ ልጆች ነበር፡፡ ለድሆቹ ልጆች ተብሎ የተጀመረው እውቀት በመጨረሻ በሙሉ ኃይሉ የተሠራበት ግን ለሁለት የባለጸጋ ልጆች ሆነ፡፡

ኦገስት ላይ ዳሮው የመዝጊያ ንግግሩን ጀመረ፡፡ ከአንድ ቀን በላይ ቀጠለ፤ ተደምሮ ወደ 12 ሰዓት ገደማ እንደፈጀ ይነገራል፡፡ በዚህ ንግግሩ ስለ ሀብት ያነሳው ክርክር ይገርማል፡፡ «ሀብታቸው ጎዳቸው እንጂ አልጠቀማቸውም» አለ በአጭሩ፡፡ የድሀ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ጥፋታቸውን ሲያምኑ ዐቃቤ ሕጉ በዕድሜ ልክ እስራት ተስማምቶ ጋዜጣም ሳይጽፈው ነገሩ ያልቅ ነበር፤ በእነሱ ዕድሜ ሆኖ ጥፋቱን ካመነ በኋላ ቺካጎ ውስጥ የተሰቀለ የለም፤ እነዚህ እንዲሰቀሉ የሚጮኸው አባቶቻቸው ሀብታም ስለሆኑ ነው ሲል ተከራከረ፡፡

ማታለል ነው እንዳንል፣ ከፊሉ እውነት ነበር፡፡ ሕዝቡ እንዲያ የጮኸው ሀብታቸው ስላስቆጣው ነው፡፡ ግን ዳሮው ያልተናገረው ሌላ ግማሽ አለ፡፡ የድሀ ልጅ ጥፋቱን ሲያምን 12 ሰዓት የሚናገርለት ማን ነው? ስለ ሞግዚቱና ስለ ሕልሙ የሚመሰክርለት ሐኪምስ ከየት ይመጣል?

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1924 ዳኛ ካቨርሊ ፈረደ፡፡ ለግድያው ዕድሜ ልክ፣ ለጠለፋው 99 ዓመት እስራት አላቸው፡፡ ምክንያቱን ሲሰጥ አብዛኛው ሰው የጠበቀውን አልተናገረም፡፡ የሐኪሞቹን ጥናት አድንቆ፣ ነገር ግን ሌሎች ተከሳሾችም እንዲህ ቢመረመሩ ተመሳሳይ ወይም ሌላ ዓይነት ጉድለት ይገኝባቸው ነበር ብሎ ለውሳኔው መሠረት ሳያደርገው ቀረ፡፡ ከሞት ያዳናቸው ዕድሜያቸው እንደሆነ ገለጸ፡፡ በኢሊኖይ ታሪክ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ በፍርድ የተገደሉት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ጠቅሶ፣ በዚያ ቁጥር ላይ መጨመር እንደማይፈልግ ተናገረ፡፡ ያን ጊዜ ለአካለ መጠን መድረስ 21 ዓመት ነበር፡፡

ልብ ብላችሁ ከሆነ ዳኛው ሳያስበው ትልቁን ነገር ተናግሮታል፡፡ «ሌሎችም ቢመረመሩ» ነው ያለው፡፡ ሌሎቹን የመረመራቸው ግን አልነበረም፡፡

ልጅነታቸውን ማንም ያልነገረላቸው

ሰባት ዓመት እንለፍና ወደ ደቡብ፣ ወደ አላባማ እንውረድ፡፡ ማርች 25 ቀን 1931 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች ከዕቃ ባቡር ላይ ተይዘው ወረዱ፡፡ ሥራ ፍለጋ ከሚንከራተቱት መካከል ነበሩ፡፡ ሁለት ነጭ ሴቶችን አስገድደው ደፈሩ ተብለው ተከሰሱ፡፡ ትንሹ 13 ዓመት ገደማው ነበር፤ ትልቁ 20 አልሞላውም፡፡ በታሪክ «የስኮትስቦሮ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፡፡

በተያዙ በሁለት ሳምንት ውስጥ ችሎት ቀረቡ፡፡ ከቆሙላቸው ጠበቆች አንዱ የቤትና የመሬት ጉዳይ የሚሠራ ሰው ነበር፡፡ ሌላው ከወንጀል ችሎት ከራቀ ብዙ ዓመት የሆነው አዛውንት ነው፡፡ ለመዘጋጀት የተሰጣቸው ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፡፡ ከአፕሪል 6 እስከ 9 ባሉት አራት ቀናት ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው፡፡ ቺካጎ ላይ ሕይወት ያዳነው «ልጅ ነው» የሚለው ቃል እዚህ ሞት ሳያስቀር ቀረ፤ ከሞት ፍርድ የተረፈው ያ ትንሹ ብቻ ነበር፡፡ እነዚህ ልጆች ከነሊዮፖልድ የሚለዩበት ሌላም ነገር ነበር፤ የተባለውን ወንጀል አልፈጸሙም፡፡ ከከሳሾቹ አንዷ በ1933 ቃሏን አጥፋ ውሸት እንደነበር መሰከረች፡፡ ከመካከላቸው በሞት የተቀጣ ባይኖርም ብዙ የወጣትነት ዓመታቸው እስር ቤት አልቋል፤ የመጨረሻው የወጣው በ1950 ነው፡፡

ሌላው ታሪክ ከዚህም ይከብዳል፡፡ በ1944 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አልኮሉ በምትባል የእንጨት ፋብሪካ መንደር ሁለት ነጭ ሕፃናት ተገድለው ተገኙ፡፡ ጆርጅ ስቲኒ የሚባል ጥቁር ልጅ ተያዘ፡፡ ዕድሜው 14 ነው፡፡ ወላጆቹ በሌሉበት ተጠየቀና «አመነ» ተባለ፡፡ አባቱ ወዲያው ከሥራ ተባረረ፤ ቤተሰቡም ሕይወቱን ፈርቶ መንደሩን ጥሎ ሸሸ፡፡ ልጁ ብቻውን ቀረ፡፡

አፕሪል 24 ተከሰሰ፣ ተሰማ፣ ተፈረደበት፤ ሁሉም በአንድ ቀን አለቀ፡፡ የተመደበለት ጠበቃ አንድም የመከላከያ ምስክር አላቀረበም፡፡ ሁሉም ነጭ የሆኑት ጁሪዎች የተመካከሩት 10 ደቂቃ ያህል ነው፡፡ ይግባኝ አልተባለለትም፡፡ ጁን 16 ቀን በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ፡፡ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በታች ስለነበር ለትልቅ ሰው የተሠራው ወንበር ሰፍቶት ነበር፡፡

ዲሴምበር 2014 አንዲት ዳኛ ጆርጅ ስቲኒ ፍትሐዊ ፍርድ አላገኘም ብላ ፍርዱን ሰረዘችው፡፡ 70 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፡፡ በሕይወት ቢኖር 85 ዓመቱ ነበር፡፡

እስኪ ሁለቱን እናስተያይ፡፡ ቦቢ ፍራንክስ 14 ዓመቱ ነበር፤ ጆርጅ ስቲኒም 14 ዓመቱ፡፡ የመጀመሪያውን የገደሉት የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች «ገና ልጆች ናቸው» ተብለው ተረፉ፡፡ ሁለተኛውን መንግሥት ራሱ «ልጅ አይደለም» ብሎ ገደለው፡፡ ቆዳው ጥቁር መሆኑ የመጀመሪያው ምክንያት እንደሆነ አይጠፋንም፡፡ ድህነቱ ደግሞ አፍ ነሳው፡፡ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ገደለው ብሎ መለየት ያስቸግራል፤ ተደጋግፈው ነው የሠሩት፡፡

ዕድሜም ጠበቃ ይፈልጋል

እዚህ ላይ ነው የእኛ ክርክር የተለወጠው፡፡ መጀመሪያ «ዕድሜ ቅጣት ሊያቀል ይገባል ወይስ አይገባም?» ነበር ያልነው፡፡ ታሪኩ ያሳየን ግን ዕድሜ በራሱ እንደማይናገር ነው፡፡ ልጅነት ችሎት ውስጥ የሚታየው የሚያሳየው ሰው ሲኖር ነው፡፡ ገንዘብ የሚገዛው ይህንን ነው፡፡ ዳኛ ካቨርሊ ጉቦ አልበላም፤ ለሕሊናው ነው የፈረደው፡፡ ግን ያ ሕሊና የሁለቱን ልጆች ታሪክ የሚሰማበት አንድ ወር ተሰጠው፡፡ የጆርጅ ስቲኒን ታሪክ ለመስማት አንድ ሰዓት የሰጠ አልነበረም፡፡

አሜሪካኖች ይህን ጉድለት ቀስ እያሉ ለመሙላት ሞክረዋል፡፡ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1932 በዚሁ በስኮትስቦሮ ልጆች ጉዳይ፣ ሞት የሚያስቀጣ ክስ የቀረበበትና ራሱን መከላከል የማይችል ድሀ እውነተኛ ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል አለ፡፡ በ1963 ይህ መብት በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድሀ ሁሉ ሆነ፡፡ በ1967 በወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት ለሚቀርቡ ልጆችም ተፈቀደ፡፡ በ2005 ደግሞ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው በሞት መቅጣት ተከለከለ፡፡

ቢሆንም ነገሩ አልተዘጋም፡፡ በ2013 ቴክሳስ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት የሀብታም ልጅ ሰክሮ መኪና ሲነዳ አራት ሰው ገደለ፡፡ ለመከላከያ የቀረበ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ልጁ በድሎት ተሞላቅቆ ስላደገ ጥፋት ቅጣት እንደሚያመጣ አያውቅም ሲል መሰከረ፡፡ ቅጣቱ እስር ሳይሆን የአሥር ዓመት የውጭ ክትትል ሆነ፡፡ ዳኛዋ ምስክርነቱን ምክንያቴ ነው አላለችም፤ አገሩ ግን ተቆጣ፡፡ ቁጣው ይገባናል፡፡ ድህነት ያጎሳቆለው ልጅ «ለኅብረተሰቡ አደገኛ» ሲባል ሀብት ያበላሸው ልጅ «ተጎጂ» ከተባለ ሚዛኑ ተሰብሯል፡፡

የእኛስ ነገር?

«የአሜሪካ ጉድ ነው» ብለን እንዳንቀመጥ፣ እኛም ጋ ገንዘብና ደም ሲተዋወቁ የቆዩ ናቸው፡፡ በድሮው ሥርዓት ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ዘመዶች ወይ ይበቀላሉ፣ ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይታረቃሉ፡፡ ዕርቁ ብዙ ደም ያስቀረ ጥሩ ነገር ነበር፡፡ ግን ካሳ የሚያዋጣለት ወገን ያለውና የሌለው እኩል አይደሉም፡፡

የዛሬው ሕጋችን በጽሑፍ ደረጃ የሚያስመሰግን ነው፡፡ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ልጅን ከአዋቂ ይለያሉ፡፡ በ1996ቱ ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፡፡ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለው የተለዩ እርምጃዎችና ቅጣቶች አሉ፡፡ ከ15 እስከ 18 ላለው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት ግን አይፈረድበትም፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል፡፡

ግን አንድ ነገር ጠይቁ፡፡ ዕድሜ በምን ይታወቃል? በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፡፡ ከዚያ በፊት የተወለደ፣ በተለይም የገጠር ልጅ፣ ብዙውን ጊዜ የልደት ወረቀት የለውም፡፡ «የተወለድከው መቼ ነው?» ሲባል «እናቴ እንደነገረችኝ...» ብሎ ይጀምራል፡፡ ከገጠር መጥቶ ሊስትሮ ሲሠራ የተያዘ ልጅ 17 ይሁን 19 የሚለየው ወረቀት ከሌለ በሐኪም ግምት ነው፡፡ በግምቱ ላይ ያለችው የአንድና የሁለት ዓመት ስህተት ለእሱ ሙሉ ዕድሜው ናት፡፡ የሆስፒታል የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ቀጠሮ የማይቀር ጠበቃ ያለው ልጅ ልጅነቱን በፋይል ይዞ ይመጣል፡፡ ሌላው መጀመሪያ ልጅ መሆኑን ማስረዳት አለበት፡፡

ታዲያ ምን እንበል?

ከመካከላችን «እንግዲያው እነሊዮፖልድም መሰቀል ነበረባቸው» ያለ አለ፡፡ ብዙዎቻችን አልተስማማንም፡፡ ምክንያታችን የኋላ ታሪካቸው ነው፡፡ ሎብ በ1936 እስር ቤት ውስጥ በሌላ እስረኛ ተገደለ፡፡ ሊዮፖልድ ግን 33 ዓመት ታስሮ በ1958 በአመክሮ ተፈታ፡፡ ፖርቶ ሪኮ ሄዶ ሆስፒታል ውስጥ በትንሽ ደመወዝ ሠራ፤ ተማረ፣ አስተማረ፣ ወደ ወፎቹም ተመለሰ፡፡ በ1971 ሞተ፡፡ ይህ የቦቢን ሕይወት አይመልስም፤ የቦቢን እናት እንባም አያብስም፡፡ ግን የ19 ዓመቱ ገዳይና በኋላ የመጣው የሆስፒታል ሠራተኛ አንድ ሰው እንዳልነበሩ ያሳያል፡፡ «ልጅ ነገ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል» ያለው ወገናችን ለዚህ ነበር የተከራከረው፡፡

ጆርጅ ስቲኒ ነገ ምን ይሆን እንደነበር ግን ማንም አያውቅም፡፡

ስለዚህ የምንደርስበት ይህ ነው፡፡ ቺካጎ ላይ የተሠራው ጥፋት ሁለት የሀብታም ልጆች መትረፋቸው አይደለም፡፡ ያን ያህል ትዕግሥት፣ ያን ያህል ጆሮ፣ ያን ያህል ምርመራ ለሌላው ልጅ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው፡፡ ፍትሕ እኩል ይሁን ብለን ከሀብታሙ ልጅ ላይ ምሕረቱን ብንነጥቅ የድሀው ልጅ የሚያገኘው ነገር የለም፤ አብሮት የሚሰቀል ጓደኛ ብቻ ነው፡፡ እኩል መሆን ያለበት የሚሰማው ጆሮና የሚቆምለት ጠበቃ ነው፡፡

ከዚህ በኋላ ችሎት በር ላይ እጁ ታስሮ የቆመ፣ ጫማ የሌለው ልጅ ስታዩ «ምን አጥፍቶ ይሆን?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፡፡ «ስንት ዓመቱ ይሆን? ይህንንስ ለዳኛው የሚነግርለት አለ ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ፡፡ «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ለእሱም እስካልሠራ ድረስ ለማናችንም ሠርቷል ማለት አንችልም፡፡